ያልተከፈተው የፈረሶች መድኃኒት ሳጥን

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎፋ

ከቤት ስወጣ ያካፋል። ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ፣ ጥጥና አዮዲን ይዣለሁ። ፉሪ ጫፍ፣ ለጋሪ ፈረሶች ያስቀመጥነውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ላድስ ነው የምሄደው፤ የመድኃኒቱ ጊዜ ሊያልፍ ነው። ጋሪ ነጂዎቹ «ዶክተር» ይሉኛል። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ፤ ማረሙ ግን ሰልችቶኛል።

ማለዳ፣ ሀና ማርያም

«ጠጋ በል ፋዘር!» ይላል ወያላው፤ የምጠጋበት ቦታ የለም። ከሀና ወዲያ አስፋልቱ ያልቃል። ጭቃ፣ ብሎኬት፣ የአሸዋ ክምር፣ ተጀምሮ የቀረ ፎቅ። ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ አሁን ሚስማርና የፌሮ ቁራጭ ተበትኗል። ሲሚንቶ የጫኑ ፈረሶች በዚያው ላይ ይሄዳሉ።

ረፋድ፣ ፉሪ

ሳጥኑን በሱቃቸው የሚያስቀምጡልን እትዬ ዘነበች ከመደርደሪያው አናት አወረዱት። በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ማሸጊያው እኔ እንደለጠፍኩት ነው።

«ማንም አልነካውም ዶክተር» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

«ፈረስ አልተጎዳም ማለት ነው?»

ፊታቸው ተለወጠ። «የጋሽ ዱጋሳን ፈረስ፣ ዳማን፣ ሰሞኑን ሚስማር ወግቶት ነበር። ለሚስማርማ አይከፈትም፣ ለባሰ ቀን ይቀመጥ ተባለ። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።»

ስልክ ቁጥሬ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፏል። ያልተከፈተ ክዳን ማን ያነበዋል?

ሳጥኑን ይዤ ጋሽ ዱጋሳ ግቢ ስደርስ ዳማ ጭድ ላይ ተጋድሟል። እግሮቹ ደርቀዋል፤ አፉ አይከፈትም። መንጋጋ ቆልፍ ነው። ሚስማሩ እንደወጋው ሰኮናውን አጥቦ፣ ደውሎልኝ መርፌ ማስወጋት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

«ይተርፋል?» አሉኝ ጋሽ ዱጋሳ፣ አንገቱን እየዳበሱ።

«አይመስለኝም ጋሼ።»

«መሬቱ ሄደ፤ የምንበላው በሱ ነበር» አሉ።

ተናደድኩ፤ ማንን እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ። ቢያንስ ቁስሉን ልጠብለት ብዬ ማሸጊያውን ቀደድኩ። አዮዲኑን ልከፍት ስል ጋሽ ዱጋሳ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ፣ አታባክነው። ሌሎች ፈረሶች አሉ።»