ፍላሹ ላይ የነበረው ምርቃት

ሶዶ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ዘመድ አዝማዴ ሁሉ ደሴ ነው። ከሥራ ስመለስ የሚጠብቀኝ አንድ የኪራይ ክፍልና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ዊንዶውሱን ቫይረስ ሲጨርሰው አንድ የማውቀው የዩኒቨርሲቲ መምህር በምትኩ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ጫነልኝ። «ነፃ ነው፤ ቫይረስም አይነካውም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የኔ ጉራ አይጣል ነው። የባልደረቦቼ ፍላሽ በቫይረስ ሲታመስ ከንፈሬን እየመጠጥኩ አልፋቸው ነበር።

ችግሩ ጨዋታ ነበር። የምወደው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ገጸ ባህሪዬን ራሴ መርጬ፣ ስንቅና ሰይፍ ይዤ፣ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ታሪኩን የምወስንበት። ፊልምና ጨዋታ የሚጭኑት ሱቆች ያላቸው ሁሉ ለዊንዶውስ ነው። ለሊኑክስ የሚሆን ነፃ ጨዋታ በስልኬ ስፈልግ ሳምንታት ፈጀሁ። አንዱ ነፃ ነኝ ብሎ ያስገባና መሐል ላይ ክፈይ ይላል፤ ሌላው ላፕቶፔን ያንቀዋል። በመጨረሻ አንድ ደህና አገኘሁ፤ ግን አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ ከአራት ጊጋ በላይ ነው። መምህሩ በዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት አወረደልኝና «ፍላሽ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ፍላሽ አልነበረኝም። እማማ የምላቸው አከራዬ ከቁምሳጥናቸው በመሐረብ የተቋጠረ ፍላሽ አወጡልኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙ አይለይም።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የአባታቸው ምርቃት አለች። ትንሿ ልጄ ናት በስልክ የቀረጸው። ስልኩ ተሰረቀ፤ ሌላ የለም። ለጊፋታ ልጆቹ ሲመጡ አብረን እናያለን። አደራህን!»

ባላቸው ባለፈው ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ልጆቻቸውን መርቀው ከወራት በኋላ ነው ያረፉት። የዘንድሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ላፕቶፔን ይዤ መምህሩ ጋ ሄድኩ። ፍላሹን ስከፍተው የቫይረስ መጫወቻ ሆኗል። «ጊፋታ» የሚል አንድ ነገር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ስም የሌለው ፎልደር። ስም የለሹን የቫይረሱ ቆሻሻ ነው ብዬ ናቅሁት። «ጊፋታ»ን ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩት፤ ያን የሚያህል ቪዲዮ በዓይን ጥቅሻ አለቀ። የሰው ትኩሳት እንዲያ በአንድ ጊዜ ቢወርድልኝ እጠረጥር ነበር፤ ያን ቀን ግን አልጠረጠርኩም። ፍላሹ እንደነበረ ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልምና ፎርማት አድርጌ ያለበትን ሁሉ አጠፋሁና ጨዋታዬን ጫንኩበት።

የጊፋታ ዕለት ጠዋት ቪዲዮውን ልመልስ ብዬ «ጊፋታ»ን ከፈትኩት። ምንም የለም። ለካ የገለበጥኩት ቫይረሱ የፈጠረውን ሾርትከት፣ ስሙን ብቻ የያዘ ባዶ ምልክት ነው፤ ቪዲዮው የነበረው በናቅሁት ስም የለሽ ፎልደር ውስጥ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ግቢው ውስጥ ሥጋ እየተከተፈ ነው። ትልቁ ልጅ ከቦምቤ ገብቷል፤ ድምፁ ይሰማኛል። እማማ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ፍላሹ ደህና ነች?»

«ደህና ናት እማማ።»

ዋሸሁ። መምህሩ ጋ ደወልኩ። «በምንም ምክንያት ሌላ ነገር እንዳትጽፊበት!» አለና የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነገረኝ። ጨዋታዬን ካገኘሁበት የነፃ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ነበር። አስነሳሁት። የላፕቶፔ ባትሪ የሞተ ነው፤ መብራት ከሄደ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሲል እመቤቴን ጠራሁ። ውጭ ሁለተኛዋ ልጅ ከነባሏ መጣች። ቀጥሎ ትንሿ ከሐዋሳ ደረሰች፤ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ስለ ቪዲዮው ስትጠይቅ ሰማኋት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው ነው። የተገኙት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆነዋል። አንድ በአንድ ከፈትኩ። መዝሙር፣ የሠርግ ፎቶ፣ የተቆራረጠ ፊልም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው፣ እዚሁ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጠው። ጮህኩ። እስከ መጨረሻው እንኳ ሳላየው ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

ሁሉም ተሰበሰቡ። ሽማግሌው የትልቁን ልጅ ራስ ይዘው በወላይትኛ መረቁ፤ ሳሎኑ አሜን አለ። ሁለተኛዋን መረቁ፤ አሜን። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሽማግሌው ቀና ብለው ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘረጉ።

ምስሉ እዚያው ቀጥ አለ።

ደግሜ ከፈትኩት፤ እዚያው ቆመ። ቀሪው የነበረበት ቦታ ላይ የኔ ጨዋታ ተጽፎበታል። ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጨዋታውን፣ ፎርማቱን፣ ጠዋት የዋሸሁትንም። ማንም አልተቆጣኝም። እማማ ወደ ትንሿ ልጃቸው ዞረው በወላይትኛ ጠየቋት፤ በሁለት ዓመት ይህን ያህል መስማት ለምጃለሁ።

«አንቺ ነበርሽ እኮ አጠገቡ። ምን አለሽ?»

ልጅቷ ከተዘረጋው እጅ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«አልሰማሁትም እማዬ» አለች። «እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ስጠነቀቅ ነበር። በኋላ ቪዲዮው ላይ እሰማዋለሁ ብዬ።»