አልወርድ ያለው የቮልሴ ሚኒሞ

ያን ዕለት ግቢዬ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ታምሩ ካቻቢቴ ይዞ ከቮልሷ በስተኋላ፣ የሞተሩ ክዳን ስር አጎንብሷል። ጎረቤቴ አቶ በላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጎኑ ቆመዋል። ታምሩ ያመጣው የመኪና ደላላ አጥሩን ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። እኔ ከሁሉም ራቅ ብዬ፣ በሩ አጠገብ፣ የጽዱ ዛፍ ጥላ ስር ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ወንበሩን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ ለክብሬ ሲሉ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈረንሳይ ሰፈር ባለው ቤቴ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በዚያ ወንበር ምክንያት ነው።

ቮልሷን ባለቤቴ በሕይወት እያለም የምነዳት እኔ ነበርኩ። እሱ የሚወደው መፍታትና መግጠም እንጂ መንዳት አልነበረም። ከኋላ ሆኖ ሲያስተካክል እኔ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። «ስጪ» ሲለኝ ቤንዚን እሰጣለሁ፤ «ልቀቂ» ሲለኝ እለቃለሁ። ሲመሽበት ደግሞ ባትሪ አበራለታለሁ። እንዲህ ሲኖር ሰው ሳያስበው ብዙ ነገር ያያል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ዘንድ እወጣለሁ። የምትኖረው እንጦጦ ላይ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ባለው የጭቃ መንገድ ዳር ነው። እግሯ አይሄድላትም፤ ጆሮዋም ደክሟል። ከሾላ ገበያ ሽሮና በርበሬ እገዛላታለሁ፤ ገላዋን አጥቤያት፣ ፀጉሯን ሠርቼላት አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። ታክሲ እዚያ ድረስ አይወጣም። ያለችኝ ቮልሷ ናት።

ቮልሷ መጮህ የጀመረችው ታምሩ ከሲ.ኤም.ሲ መጥቶ «ሰርቪስ ላድርግልዎት» ብሎ ካርቡራቶሩን አውርዶ ካጠበ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ ባነሳም ሞተሩ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። መጮኹ ሳያንስ ደግሞ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ለታምሩ ነገርኩት።

«አርጅታ ነው እትዬ» አለኝ። «ይሽጧትና ይረፉ። እህትዎን በስልክ ያገኟታል።»

ጆሮዋ የማይሰማን ሴት በስልክ ላገኛት ነው። ከዚያም እየመላለሰ ሲጨቀጭቀኝ ቃል ሰጠሁት፤ እስከ ቅዳሜ ከተስተካከለች ትቀራለች፣ ካልተስተካከለች ትሸጣለች። የሚጠግናትም የሚያሸጣትም እሱ መሆኑን ልብ ያላልኩ አይምሰላችሁ። ግን ቃል ቃል ነው።

እንግዲህ ቅዳሜው ደረሰና ሞተሩን አስነሱት። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው።

«ቤንዚኑ ነው» አሉ አቶ በላቸው። «ዛሬ ቤንዚን አለ እንዴ? የሚቀዱልን ውሃ ነው።»

«ካንዴላው ይሆናል» አለ ደላላው፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ካንዴላ ቀይሬላታለሁ» አለ ታምሩ።

«እንግዲያው የእንጦጦ አየር ነው» አሉ አቶ በላቸው። «እዚያ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል። ሞተር እኮ እንደ ሰው ነው፤ ያፍነዋል።»

ቮልሷ ያን አየር ስትስብ የኖረችው አቶ በላቸው ወደዚህ ሰፈር ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ነው። የተናገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታምሩ፣ ካርቡራቶሩን ካወረድክ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው» አልኩ ከወንበሬ።

«እርስዎ አረፍ ይበሉ እትዬ» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

«ይቀመጡ ወይዘሮ አስካለ» አሉ አቶ በላቸውም። «የቤንዚን ሽታ ልብስዎ ላይ ይቀራል።»

«ሞተር የወንድ ጣጣ ነው ማዘር» አለ ደላላው። እናቱ አይደለሁም።

ከዚያ ሚኒሞውን፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሮጥበትን ልክ፣ ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ብሎን ተራ በተራ ይዘው ማጥበቅና ማላላት ጀመሩ። አንዱ «ይኸው፣ ወረደ» ይላል፤ እጁን ሳያነሳ ጩኸቱ ይመለሳል። ሌላው ይቀበለዋል። ብሎኗ ከእጅ ወደ እጅ እየተሽከረከረች ቆየች። ስትላላ ሞተሩ መብረድ ስላለበት፣ በመጨረሻ ታምሩ ጭራሽ አላላት። ሞተሩ አሁንም ይሮጣል።

እኔ ያወቅሁት ያኔ ነው። ብሎኗ ጨርሳ ላልታም ሞተሩ ከሮጠ፣ አየር በሌላ ቀዳዳ እየሳበ ነው። ሦስቱ ወንዶች ግን ስለ ቀዳዳ አላሰቡም። ስለ ሳሳ አየር ነበር የሚያወሩት።

ታምሩ ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወረና ሞተሩን ሳያጠፋ «በቃ፣ አልቆላታል» አለ።

ደላላው ያኔ ነቃ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ መኪናዋን ዞራት። «የምትሄደው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው» አለ። የፊቱን ክዳን ሲከፍት ለእህቴ የጫንኩትን ሽሮና በርበሬ አገኘ። «ማዘር፣ ሸቀጡም አብሮ ነው የሚሸጠው?»

ሳቁ። አቶ በላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ታምሩ ሳይሸፍን ሳቀ።

ተነሳሁ። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ አንስቼ በመካከላቸው አለፍኩና ሞተሩ ላይ ጎንበስ አልኩ። ከካርቡራቶሩ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ቧንቧ አለ፤ መጋጠሚያው ላይ ጎማ ይለብሳል፣ ጎማውን የብረት ቀለበት ያስረዋል። በግራ በኩል ያለው ጎማ ከቧንቧው አፍ ሸሽቶ፣ ቀለበቱ ባዶ ቦታ ላይ ታስሯል። ታምሩ ሲገጥም ቸኩሎ ነው። ክፍተቱን በጨርቁ ጠቅልዬ ጨበጥኩት።

ጩኸቱ ወዲያው ወረደ። ወረደና ሞተሩ አንዴ ተንገጫግጮ ጠፋ።

«ገደሏት» አለ ደላላው።

«ይኸው እትዬ፣ ራስዎ ገላገሉን» አለ ታምሩ።

የጠፋው ብሎኗን ጨርሰው ስላላሏት ነው። ቀዳዳው ሲደፈን በስንት አየር ይኑር? ጎማውን ወደ ቦታው ገፋሁት፤ ካቻቢቴውን አንስቼ ቀለበቱን በላዩ አጠበቅሁ። ብሎኗንም ወደ ውስጥ መለስ አደረግኋት።

«አቶ በላቸው፣ እስቲ ይግቡና ቁልፉን ያዙሩልኝ» አልኩ።

ታምሩን አዩት። ከዚያ ገቡ።

ተነሳች። «ይስጡ» አልኳቸው፤ ሰጡ። «ይልቀቁ» አልኳቸው፤ ለቀቁ። ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ አላላኋት። እንደገና «ይስጡ»፣ እንደገና «ይልቀቁ»። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ድምፁን አስተካክሎ ረጋ። ሞተሩ ላይ ያስቀመጥኩት ካቻቢቴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«እኔም ጎማ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር» አሉ አቶ በላቸው ከመኪናው እየወረዱ።

«ለጊዜው ነው» አለ ታምሩ። «ነገ ያው ይመለስባታል።»

አልተመለሰባትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እወጣለሁ። ባለማወቃቸው አልናቅኋቸውም፤ ሁላችንም የማናውቀው ነገር አለ። የምታውቀዋን ጥላ ስር አስቀምጠው እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ማርፈዳቸውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንቃለሁ።

ያን ዕለት እጄን በጨርቁ ጠረግሁ። የሞተሩን ክዳን ዘጋሁ፤ የፊቱንም ሽሮውና በርበሬው ላይ ዘጋሁት። ወደ ጽዱ ሄጄ ወንበሩን አነሳሁና አምጥቼ ታምሩ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ደላላው ማንም ሳያዘው የግቢውን በር ከፈተ። ቮልሷ ውስጥ ገብቼ ማርሽ አስገባሁና ወጣሁ፤ ወደ እንጦጦ ታጠፍኩ።