ከመኪናችን ውጭ ያሳደርኩት ሰው

ያን ሰው ይቅር አላልኩትም፤ ይህንንም የምጽፈው ይቅር ለማለት አይደለም።

በደርግ ጊዜ ከብት ከታቢ ነበርኩ። ሾፌራችን በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከቢቸና እስከ ሞጣ በላንድሮቨር እየዞርን የገበሬውን ከብት እንከትባለን፤ ክትባቱን ጥለን አልቤርጎ መሄድ ስለማንችል የኋላውን ወንበር ነቅለን ፍራሽ አንጥፈን እዚያው መኪናው ውስጥ እናድራለን። ጭንቃችን የመኪናው ማቆሚያ ቦታ ነበር። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ አጥር ያለው ግቢ ካልገባን ወይ ሌባ ወይ አብዮት ጥበቃ ይመጣብናል። መርጡለ ማርያም ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ያስጠጉናል። ጉንደ ወይን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገና የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ በር ይከፍቱልናል።

ሞጣ ግን አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፤ አስር መኪና ያሳድራል። አንድ የሰኔ ምሽት፣ ዝናብ እያካፋ፣ ደጁ ቆመን ለመንነው።

«መኪና ውስጥ የሚያድር ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ካፖርቱን እንደደረበ።

«ጓድ፣ የከብት ክትባት ይዘን ነው» አልኩና ደብዳቤያችንን ሰጠሁት። ሳያነበው መለሰልኝ።

«ሂዱ ከዚህ! ማን እንደሆናችሁ አላውቅም።»

ከከተማው ወጣ ብለን ባሕር ዛፍ ሥር ቆምን። ወዲያው ጥበቃዎች ከበቡን። «ኃላፊው ናቸው የጠቆሙን» አሉ፣ ሳንጠይቃቸው። ጋሼ መታወቂያ ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ አንዱ ጆሯቸውን በሰደፍ መታቸው። በማግስቱ ተጣርቶ ተለቀቅን። ክትባቱን ያቀዘቅዝ የነበረው በረዶ ቀልጦ ሁሉም ተበላሽቶ ነበር። የጋሼ ግራ ጆሮ ደግሞ እንደተደፈነ ቀረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሰው ምን እንደማደርገው ሳስብ ኖርኩ። አልጋ ላይ ሆኜ አስበዋለሁ፤ ኮርማ ጠልፌ እየወጋሁ አስበዋለሁ።

በሌላ ክረምት ከቢቸና ልንነሳ ስንል ሻንጣ ያንጠለጠለ ሰው መጣ። አውቶቡስ በጭቃው ምክንያት ቀርቶበታል፤ ሞጣ አድርሱኝ አለን። እሱ ነው! እኛን ግን አላወቀንም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ ረስቶናል። ጋሼን ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ይሳፈር» አሉ።

ጉንደ ወይንን እንዳለፍን ጎማችን ሰጠመ። ስንቆፍርና ስንገፋ መሸ። ፍራሹን ሳስተካክል እሱም ሊገባ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«እርስዎ አይገቡም፣ ጓድ» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«መኪና ውስጥ የሚያድር ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ከደጅዎ አባረውን ነበር። ከዚያም አስይዘው የእኚህን ሰው ጆሮ አስደፈኑ።»

ጋሼን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ጊዜው… ጊዜው ነው እኮ» አለ። ሻንጣውን አውርጄ ጭቃው ላይ አስቀመጥኩለትና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ዝናቡ ሲወርድ ሰውዬው መስኮቱን ደበደበ። መጀመሪያ ለመነ፣ ቀጥሎ ዛተ፣ በመጨረሻ መኪናው ሥር ሲገባ ሰማሁት። እኔ ግን እንደዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሲነጋ ጭቃ ለብሶ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አገኘነው።

«ስጮህ አልሰሙኝም?» አላቸው ጋሼን።

«በዚህ በኩል አልሰማም» አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ከመንደሩ የመጡ ገበሬዎች ገፍተው አወጡን፤ ሞጣም አደረስነው። ዛቻው የአፍ ብቻ አልነበረም። ወር ሳይሞላ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ወባ ወዳለበት ቆላ ተወረወርኩ። ጋሼ ሊሸኙኝ መጡና «አበዛነው ይሆን?» አሉኝ።

«አሳነስነው እንጂ» አልኳቸው።

አቅፈው ሳሙኝ። ቆላ ሁለት ጊዜ ወባ ጣለኝ፤ እየተንቀጠቀጥኩ እንኳ አልጸጸተኝም።