ሁሉን በወባ የገደለ ድሬሰር

በአማን ከተማ ሰው ሲሞት ከቄሱም ከሼኩም ቀድሞ ለቅሶ ቤት የሚደርሰው መርፌ ወጊው ድሬሰር ባየ ነበር። ለማልቀስ እንዳይመስላችሁ፤ ሟቹ በምን እንደሞተ ጠይቆ በጤና ጣቢያው ደብተር ለመጻፍ ነው። አጠያየቁ አንድ ነው። «ብርድ ብርድ ብሎት ነበር?» ይላል። አዎ ከተባለ «ወባ» ብሎ ይጽፋል። በዚያ አገር አንድ ቀን እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ያደገ ሰው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ባየ በሃያ ዓመት ውስጥ፣ ከዛፍ ከወደቁትና በወሊድ ካለፉት በቀር፣ የአማንን ሙታን ሁሉ በወባ ጨረሳቸው። እሱ ያለውን ማንም አልተከራከረም፤ ኩራቱም ይኸው ነበር።

አብዮቱ አሥር ዓመት ሲሞላው ሲስተር ወርቅአፈራሁ ከጅማ ተመድባ መጣች። ብዙም ሳይቆይ ናይሮቢ ላይ የጎረቤት አገሮች ስብሰባ ተጠራ። ኬንያም፣ ሱዳንም፣ ኡጋንዳም፣ እኛም አገር ያሉ የጤና ሰዎች ሕዝባቸውን ድሮ ምን ይገድለው እንደነበር፣ አሁንስ ምን እየገደለው እንደሆነ ሊነጋገሩ ነው። የባየ ደብተር ተፈለገ። ሂያጇ ግን እንግሊዝኛ ታውቃለች ተብላ ወርቅአፈራሁ ሆነች።

ባየን ቅናት አንገበገበው። «ሃያ ዓመት ሬሳ የተከተልኩት እኔ፣ በአውሮፕላን የምትሄደው እሷ!» አለ ለሚስቱ ለበየነች።

«ሰው በሬሳ ደብተር ይቀናል እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን እህል አልወርድልህ አለው።

ወርቅአፈራሁ የደም ግፊት መለኪያ ይዛ ተመለሰች። «ጋሽ ባየ፣ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ወባው እንዳለ ሆኖ ደም ብዛትም ሰው መጣል ጀምሯል። እኛም ደብተር ውስጥ ራሴን ራሴን ሲሉ ከርመው ድንገት የወደቁ አሉ። አብረን ብናያቸውስ?» አለችው። ‹አብረን› ማለቷ ይበልጥ አበገነው።

«ደም ብዛት ወንበር ላይ ለሚውል ለአዲስ አበባ ሰው ነው» አላትና ጥሏት ወጣ።

እሷ ግን በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ የሴቶቹን ሁሉ ክንድ ለካች። በየነችም ተለካች፤ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ኪኒን በወረቀት ተጠቅልሎላት፣ ጨው ቀንሺ ተብላ ወደ ቤቷ ገባች። ባየ ወረቀቱ ላይ የሲስተሯን ጽሑፍ ሲያይ ዓይኑ ደም ለበሰ።

«በእኔ ቤትም ሐኪሟ እሷ ልትሆን ነው?» ብሎ ኪኒኑን ነጠቃትና የራሱን የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን ሰጣት።

«ራሴን ነው እኮ የሚያመኝ፤ አልተንቀጠቀጥኩም» አለችው።

«ትንቀጠቀጫለሽ» አላት።

በሦስተኛው ሳምንት ጓሮ ቡና ስታሰጣ ወደቀች። አንድ ጎኗ አልታዘዝ፣ አንደበቷም አልፈታ አለ። ለማታ አልደረሰችም። ባየ እጇን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሁሉም ነገር ገባው።

ቀብሯ ላይ የእድሩ ዳኛ ገብረወልድ የሕይወት ታሪኳን አነበበ። ሲጨርስ፣ በእድሩ ወግ የበሽታውን ስም እንዲናገር ባየን ቀና ብሎ አየው። ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መካከል ቆማለች። ባየ አፉን ከፈተ። ደም ብዛት ሊል ነበር፤ ዓይኑ እሷ ላይ ሲያርፍ ግን ምላሱ እምቢ አለ።

«ወባ» አለ።

ወርቅአፈራሁ አንድ ቃል ብትናገር አገር በሙሉ ጉዱን ይሰማ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፋች። ሕዝቡ ሲበተን መጥታ «ጋሽ ባየ፣ እግዜር ያጽናዎት» ብላው ብቻ መንገዷን ቀጠለች።

ባየ ጀርባዋን ቆሞ ሲያይ ቆየ። በየነችን ምን እንደገደላት ሁለቱም ያውቃሉ። ወርቅአፈራሁ ግን ያንን አውቃም ቤቷ ገብታ እንቅልፍ ይወስዳታል። ባየ በዕድሜው በሰው ላይ የዚያን ቀን ያህል ቀንቶ አያውቅም።