መሪ የያዘው ቻይናዊ

የቻይና ባሕር ኃይል ቪዲዮ የማየው በምሳ ሰዓት፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው። ግሮቭ ሲቲ የምሠራበት ዌርሃውስ ፓርኪንግ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ፣ ሳንድዊቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ወጣት ቻይናውያን መርከበኞች ጭስ የሞላው ክፍል ውስጥ የውሃ ቱቦ ይዘው ሲገቡ አያለሁ። ቋንቋው አይገባኝም። መስማትም አያስፈልገኝም፤ ሥራውን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ «የቻይና ድራማህ» ትለዋለች። ከሥራ ስገባ «ዛሬስ ማን ማንን አገባ?» ብላ ትቀበለኛለች።

ምነው ድራማ በሆነልኝ! ነገሩ የልጃችን ነገር ነው። አንዲቷ ልጃችን የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከበኛ ናት፤ የተመደበችበት የጦር መርከብ የሚዞረው ደግሞ የቻይና መርከቦች በብዛት በሚንቀሳቀሱበት ባሕር ላይ ነው። እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ፣ ባሕርን በቴሌቪዥን እያየች ያደገች ልጅ፣ ኮሌጅ ጀምራ አቋረጠችና ባሕር ኃይል ልትገባ ፈርማ መጣች። ሥራዋ መርከቡ ላይ እሳት ሲነሳ ማጥፋት፣ ውሃ ሲገባ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ሌላው ሰው ከእሳቱ ሲወጣ እሷ ትገባለች ማለት ነው። ባለቤቴ ጥፋቱን የምትጥለው በእኔ ላይ ነው፤ ስለ መርከብ ሳወራላት ስላደገች። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ላይ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ምልምሎችን ያንኑ ሥራ አስተምር ነበር። ዓይናቸውን በጨርቅ አስሬ ከመርከቡ ሆድ መውጫውን በእጃቸው እየዳበሱ እንዲፈልጉ አደርጋቸው ነበር። ይጠሉኝ ነበር። ከዚያ ወደቡም መርከቡም ቀረና እኔ በየመን በኩል ስደተኛ ሆኜ፣ ዞሬ ዞሬ ባሕር በሌለበት ኦሃዮ አረፍኩ። ዛሬ የምነዳው ፎርክሊፍት ነው። ፎርክሊፍት ፍሬን አለው። መርከብ ግን ፍሬን የለውም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲጎትት ቢታዘዝ እንኳ በያዘው ጉልበት ገና ብዙ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ዜናው «መርከቦቹ በጣም ተቀራርበው ተላለፉ» ሲል ሻዩን መጠጣቱን ይቀጥላል። እኔ አልችልም። እግሬ ሳላስበው የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት የቻይና መርከቦች አንዲት ትንሽ መርከብ ሲያሳድዱ እርስ በርሳቸው የሚጋጩበት ቪዲዮ መጣ። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ግራጫ። የሥራ ጓደኞቼ ተቀባብለው እያዩ ሳቁ፤ «ይበላቸው» እያሉ። እኔ አልሳቅኩም። ከግጭቱ በፊት በነጩ መርከብ ፊት ለፊት ላይ የቆሙ ሰዎች አየሁ። ከግጭቱ በኋላ ያ የመርከቡ ፊት እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ተጨማዷል። ሰዎቹ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ለማወቅ እየመላለስኩ አየሁት፤ ሥራ መግቢያዬ አልፎ ሱፐርቫይዘሩ መስኮቴን እስኪያንኳኳ ድረስ።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝና ሰላሜን ነሳኝ። ሁለቱን መርከቦች ያጋጨ ጠላት አልነበረም። አንድ ሰው መሪውን ዘግይቶ አዞረ፣ ወይም ሌላው ቀድሞ አዞረ፣ አለቀ። የልጄ ሕይወት ያለው በጄኔራሎቹ እጅ መስሎኝ ነበር። ለካ ያለው መሪ በያዘ በአንድ ቻይናዊ ልጅ እጅ ነው። ስሙን አላውቅም። በደንብ ሰልጥኖ እንደሆነ አላውቅም። ሌሊት ተኝቶ ያድር ይሆን? አለቃው የሚሳደብ ዓይነት ነው? የተቆጣ አለቃ ከኋላው የቆመበት ልጅ እጁ ይቸኩላል፤ አስተማሪ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠባዬ ተለወጠ። የእነሱ ልምምድ ሥርዓት ያለው ሆኖ ሳየው ደስ ይለኛል። ጎበዞች ናቸው፤ የእንጨት ማጥበቂያውን በመዶሻ መትተው ቀዳዳ ሲደፍኑ ለምልምሎቼ ባሳይ የምመኘው ዓይነት ሥራ ነው። አንዱ ጓንቱን ሳያጠብቅ ወደ እሳት ሲገባ ካየሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እበሳጫለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወትሮው በላይ ስሰግድ ባለቤቴ አይታኝ ኖሮ ስንወጣ «ለማን ነው እንዲህ ወገብህ እስኪቆረጥ የሰገድከው?» አለችኝ።

«ለቻይናዊው» አልኳት።

«ለየትኛው ቻይናዊ?»

«መሪ ለያዘው።»

ሳቀችብኝ። ሞርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ሚስት ይኖረው ይሆን?» አለች። «ልጆች ያሉት ሰው ይጠነቀቃል።» ከዚያ ወዲህ እሷም እንደምትጸልይለት አውቃለሁ።

በበጋው መጨረሻ ላይ ልጃችን ዝም አለች። ቀድማ ነግራናለች፤ አንዳንዴ የመርከቡ ኢንተርኔት ይዘጋል፣ «ዶንት ፍሪክ አውት»፣ አትደናገጡ፣ ብላናለች። ፍሪክ አውት ያላደረግነው ለአራት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ዜናው የቻይና መርከቦች በዚያ አካባቢ ትልቅ ልምምድ ላይ ናቸው አለ። በስምንተኛው ቀን ባለቤቴ እህል መብላት ተወች። እኔ ደግሞ መንገዱን መጠበቅ ጀመርኩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ክፉ ወሬ ሲኖረው ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች ቤት ድረስ እንደሚልክ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሰፈራችን የማላውቀው መኪና በገባ ቁጥር መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። አንድ የፖስታ ሠራተኛ በዩኒፎርሙ ምክንያት ምን ያህል እንዳስደነገጠኝ ቢያውቅ ሥራውን ይለቅ ነበር።

አሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ዩኒፎርም የለም። የቆሙት የእኛ ሰዎች ናቸው፦ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ቄሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች። ሁላችንም የምናውቀው አመጣጥ ነው። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም፤ ማልዶ፣ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው።

ባሕር ኃይሉ ስለ ባህላችን አጥንቶ፣ ለእነዚህ ሰዎች እንዲህ ነው የሚነገረው ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ደውሎ ነው ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳወራው ሞኝነት ነው። ያን ጊዜ ግን አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም። በሩን ከፍቼ «መርከቧ ሰጠመች ወይስ እሳት ነው?» አልኳቸው።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባቸው። «የምን መርከብ? ኧረ ተረጋጋ» አሉና ትከሻዬን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የባለቤትህ ወንድም ነው፤ ታናሽየው። ሌሊት አዲስ አበባ ላይ አርፏል። ልቡ ነው አሉ።»

«ተመስገን!» አልኩ።

በሹክሹክታ አይደለም። ጮክ ብዬ፣ ከሆዴ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነው ያልኩት። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ዞር ስል ባለቤቴ ደረጃው ላይ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። ነጠላዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ሊቀመንበሩ መናገር ሳይጀምሩ ጮኸች።

ወንድሟን እወደው ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያምነኝ ብዬ አይደለም። ሰርጋችን ላይ ሚዜዬ ነበር። ያም ሆኖ እሱ መሞቱን ስሰማ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አፈርኩበት፣ ዛሬም አፍራለሁ።

ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ። ዕድሩ ወንበር አመጣ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤቱን ተረከቡ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ለብቻችን ስንሆን «ገብቶኛል» አለችኝ። «እኔም አንተን ብሆን በልቤ እለው ነበር። አንተ ግን ወንድሜ ሳይቀበር በአፍህ አልከው።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ልጃችን ናት፤ በቪዲዮ። ወደብ ገብተዋል ማለት ነው። ባለቤቴ ለማንሳት ስትሮጥ ክንዷን ያዝኩ።

«እንዳትነግሪያት» አልኩ።

«አጎቷ እኮ ነው! አዲስ አበባ አንድ ክረምት ሙሉ ያኖራት።»

«ነገ ተነገ ወዲያ ባሕር ላይ ናት። ሐዘን የያዘው ሰው እሳት ውስጥ መግባት የለበትም፤ በሩን ይረሳል። ስትመለስ እንነግራታለን።»

ይህን ያልኩት እንደ አስተማሪ ይሁን እንደ ፈሪ አባት አላውቅም። ባለቤቴ ግን አመነችኝ። ጥቁር ሻሿን ፈታች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ለቀስተኛው በሙሉ ወደ ቤዝመንት ወርዶ ትንፋሹን ዋጠ። እኛ መኝታ ቤት ገብተን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መልሰን ደወልንላት።

ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። ከስታለች። «ሃይ ማሚ! ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር» አለች ባለቤቴ።

ትንሽ ተሳሳቁ። ስለ ምግብ አወሩ፣ ስለ ፀጉሯ አወሩ። ከዚያ ልጄ ፊቷን ቀረብ አድርጋ «አጎቴን ቴክስ አድርጌው አልመለሰልኝም። ኢዝ ሂ ኦኬ?» አለች።

የባለቤቴ እጅ ጉልበቴን ጨመደደ።

«ደህና ነው፤ ስልኩ ተሰርቆበት ነው» አልኩ። አንዲት ሰከንድ አልዘገየሁም። ድምፄ ቀጥ ያለ ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። እንዲህ መዋሸት የምችል ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

«ኦ፣ ኦኬ፣ ጥሩ» አለች።

«አንቺስ? ያን ሁሉ ቀን ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው? ቻይናዎቹ ተጠጉ? ምን ሆናችሁ?»

«ናቲንግ ዳድ፤ ደህና ነን። ጀስት ቦሪንግ ነው» አለችኝ፤ አንዲት ሰከንድ ሳትዘገይ፣ ፈገግ ብላ፣ ቀጥ ባለ ድምፅ።

ስልኩ ሲዘጋ ባለቤቴ ደረቷ ላይ ለጥፋው «ደህና ናት!» ብላ ወደ ታች ተጣራች። ቤዝመንት ያሉት ሴቶችም እየተቀባበሉ ደህና ናት፣ ደህና ናት ተባባሉ። እኔ ከአልጋው ጫፍ መነሳት አቃተኝ። ልጄ የመለሰችልኝ እኔ በመለስኩላት ድምፅ ነበር።