ኮዱን የነካው ማን ነው?

ሸሕዲ ከተማ፣ እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከጎጃም ከመጣ ባልንጀራዬ ጋር ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ኮምፒውተር ተምሮ ሥራ ሲያጣ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ የወረደ ነው፤ አጨዳው ሲያልቅ እኔ ዘንድ ቀረ። ለአንድ ትራክተር አከራይ የገበሬዎችን የእርሻ ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራን።

ዝናቡ እንደጀመረ ከኮኪት ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤታችን ድረስ መጡ።

"ተራዬን ለማን ሰጣችሁብኝ?" አሉን።

ስናየው እውነትም ተራው ተዘበራርቋል። ባለፈው ሳምንት ያስተካከልኩት የኮድ መስመር የለም።

"ነክተኸዋል እንዴ?" አልኩት ባልንጀራዬን።

"አልነካሁም።" ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

መልሼ ጻፍኩት። በሳምንቱ እንደገና ጠፋ። እናቴ "ጠርጥር! ከገንፎም መሐል ስንጥር አይጠፋም" አለችኝ። እኔ ግን ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። ስልክ ሲደወልለት ውጭ ወጥቶ ማውራት ጀምሯል።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጥግ ላይ አስቀምጬ ጊት የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩበት። ሥራችንን በቤቱ ዋይፋይ ወደዚያ እንልካለን፤ እሱም ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደቀየረ ይመዘግባል።

"መብራት ሲሄድ ሥራችን እንዳይጠፋ ነው" አልኩት።

"ለመብራቱ ከሆነ ስሜን ምን አስጻፈው?"

ስሙን ከእኔ ስም ሥር አስገባሁት።

በአራተኛው ቀን መስመሩ ጠፋ። መዝገቡን ከፈትኩ። ባልንጀራዬ ከኋላዬ ቆሟል። የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። ለካ አከራዩ ቢሮ በአሮጌው ቅጂ ላይ የሠራሁትን በፍላሽ ይዤ በመጣሁ ቁጥር፣ ቤት ባለው በአዲሱ ላይ እገለብጥ ኖሯል።

"እኔን ነበር የጠረጠርከው?"

"አዎ" አልኩ።

ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን ፍላሽ አሳየኝ። "እኔም አንተን ጠርጥሬ ነበር። ራስህ አጥፍተህ በእኔ ልታላክክ መስሎኝ በየቀኑ ቅጂ እይዝ ነበር።"

"ስልኩስ?"

"አብርሃ ጅራ ከተማ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ከሚጠረጥረኝ ሰው ጋር እስከ መቼ እዘልቃለሁ?"

በማግስቱ ኮኪት ሄደን ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ገና አላረሱም ነበር።

"ጥፋቱ የማናችሁ ነው?" አሉ።

አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ። "የሁለታችንም ነው፣ አባቴ።"

ወር ሳይሞላው ወደ አብርሃ ጅራ ሄደ። እናቴን አቅፎ ስሞ ተሰናበታት፤ ለእኔ እጁን ብቻ ሰጠኝ።