የዕድሩ ድንኳንና የእኔ ብሎግ

ብሎግ የመክፈት ሐሳብ የመጣልኝ በዕድራችን ድንኳን ምክንያት ነው። ጎረቤቴ ባሏ ሞቶ ዝናብ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ድንኳኑን ለልጃቸው ሠርግ ወስደው ውቤ በረሃ ተክለውት ነበር። ስብሰባ ላይ ለመናገር ፈራሁ። ከዕድር ቢያስወጡኝስ? ማን ይቀብረኛል? ስለዚህ ስሜን ደብቄ ልጽፈው ቆረጥኩ።

ልጄ ብሎግ የሚከፈትባቸውን ቦታዎች ታሳየኝ ጀመር። ቤት ለመከራየት የምዞር መሰለኝ። አንዱ ገና ከደጁ የዶላር ካርድ ጠየቀኝ። የዶላር ካርድ ያለኝ ሰው ብሆን ስለ ድንኳን እጽፍ ነበር? ሌላው «ነጻ ነኝ» አለ፤ ነገር ግን የት እንዳለሁና ስልኬ ላይ እነማን እንዳሉ ማየት አማረው።

«ይሄ ምን ዓይነት አከራይ ነው? ጓዳ ድረስ ይገባል እንዴ?» አልኳት።

«እማ፣ ‹እስማማለሁ› የሚለውን ንኪው በቃ። ማንም አያነበውም።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ሳላነብ አልፈርምም። እንዲህ የሚቸኩሉት የተማሩት ናቸው።

በመጨረሻ ልጄ «ያረጀ ነው፣ ሰው ትቶታል» ያለችውን መረጥኩ። ከኢሜይል በቀር ምንም አልጠየቀኝም፤ እሱንም የልጄን ሰጠሁት። «የኔን?!» ብላ ጮኸች። የወለደችው ልጅ ለእናቷ መደበቂያ ካልሆነቻት ማን ይሆናታል?

ጽሑፉ በቀጠርኩት ሰዓት ራሱ ወጥቶ የሰፈራችን የስልክ ግሩፕ ላይ እንዲወድቅ አደረገችልኝ። ሰዓቱን ግን ራሴ ሞላሁ። ስብሰባው እሑድ ነው፤ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢወጣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም ብዬ 12 ጻፍኩ። የማሽኑ አሥራ ሁለት ግን የእኛ ቀን ስድስት ሰዓት ኖሯል።

እሑድ ከጊዮርጊስ ቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ሳለ፣ ልክ በስድስት ሰዓት የሁሉም ስልክ ጮኸ። የእኔን ነጠላዬ ውስጥ ወሸቅኩት።

ሰብሳቢያችን ዕድሜ ልካቸውን ቀልድ ይወዳሉ። «አንብበው እስቲ፣ እንሳቅ» አሉት የዕድሩን ጸሐፊ።

«በእኛ ሰፈር ድንኳን ሰው ይመርጣል» ብሎ ጀመረ ጸሐፊው። «ሐዘንተኛ ዝናብ አይመታውም ብሎ ሙሽራ ጋ ይሄዳል።»

«የየትኛው ሰፈር ጉድ ነው ይሄ!» ብለው ሰብሳቢው ከት ብለው ሳቁ። ውቤ በረሃ የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቃቸው ቆመ፤ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

«ይሄ የተማረ ሰው እጅ ነው» አሉና ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መምህር ላይ አፈጠጡ። «አንተ ነህ! ከሴቶቹ መሃል እንዲህ የሚጽፍ የለም።»

መምህሩ «ኧረ በጊዮርጊስ!» ብለው ማሉ። ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ዝም ብል ቀብሬ ይተርፍልኛል፤ የእሳቸው ግን ይሄዳል። እጄን አወጣሁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ? ቁጭ በይ ባክሽ! ማንን ልታድኚ ነው?»

ከመፍራቴ ይልቅ መናቄ ባሰኝ። ጸሐፊው ሳይደርስበት የቀረውን መጨረሻ በቃሌ አልኩላቸው፦ «ሰብሳቢያችን የሚሞቱበት ቀን ፀሐይ እንዲሆንላቸው እንጸልያለን። ድንኳኑ ሠርግ ላይ ሊሆን ይችላል።»

ስልኩን አዩ። እኔን አዩኝ። እንደገና ስልኩን አዩ።

«ከዕድሩ ትውጣ የምትሉ እጅ አውጡ!» አሉና የራሳቸውን አወጡ። ጸሐፊው እጁን እስከ ጆሮው አድርሶ ሲያበቃ ዙሪያውን ቃኝቶ ራሱን ማከክ ያዘ። ሌላ እጅ አልወጣም። ያቺ ባሏን በዝናብ ያለቀሰችው ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።